ሳይዘፍኑ የሮክ ዝና አዳራሽ የገቡት ሰዎች

ጥያቄው ይሄ ነው። «የአሜሪካውን የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ የተሸላሚዎች ዝርዝር እያየሁ ነበር። ከኤልቪስ ፕሪስሊና ከቸክ ቤሪ ጋር የሬዲዮ ሰው፣ የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ ጠበቃ ሳይቀር አለበት። ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ቤዝና ድራም ተጫዋቾች ደግሞ ለብቻቸው ሌላ ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። እነዚህ ሰዎች የገቡት በትውውቅ ነው? ወይስ የእነሱ ሁለተኛ ደረጃ ሽልማት ነው? እኔ ሕዝብ የሚመርጠው ነበር የሚመስለኝ።»

ከመጨረሻው ልጀምር። ሕዝብ አይመርጥም። ተቋሙ የተመሠረተው በ1983 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የመጀመሪያዎቹን ተሸላሚዎች የተቀበለው በ1986 ነው፤ ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ያለው ሙዚየም ደግሞ በ1995 ተከፈተ። አንድ ዘፋኝ ወይም ባንድ ለዕጩነት ለመቅረብ የመጀመሪያ ሥራው ገበያ ላይ ከዋለ ቢያንስ 25 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ዕጩዎቹን ኮሚቴ ያወጣል። ከዚያ የድምፅ መስጫው ከ1,000 በላይ ለሆኑ ሰዎች ይላካል። እነሱም ቀደም ብለው የተሸለሙ ሙዚቀኞች፣ የታሪክ ጸሐፊዎችና የሙዚቃ ንግድ ሰዎች ናቸው። ከ2012 ወዲህ አድናቂም በኢንተርኔት ይመርጣል፤ ግን የአድናቂው ሁሉ ድምፅ ተደምሮ የሚቆጠረው እንደ አንድ መራጭ ወረቀት ብቻ ነው።

አንተ የጠየቅክባቸው ሰዎች ጋ ስንደርስ ይሄም የለም። ይህ የድምፅ መስጫ ለዘፋኞችና ለባንዶች ነው። የቀሩት በኮሚቴ ውሳኔ በቀጥታ ይገባሉ። ሮክ ከመፈጠሩ በፊት መንገድ የጠረጉት አንድ ረድፍ አላቸው፣ ስቱዲዮ ውስጥ የተጫወቱትና የቀረጹት አንድ፣ ሙዚቃ ቤት የመሩት፣ ያሳተሙትና በሬዲዮ ያሰራጩት ደግሞ ሌላ። የረድፎቹ ስም ባለፉት ዓመታት ተቀያይሯል፣ ስለዚህ የድሮና የአዲስ ዝርዝር ስታነጻጽር ግራ ብትጋባ አይፍረድብህ።

ስለ ትውውቅ ያነሳኸው ጥርጣሬ ከባዶ የመጣ ነው አልልህም። የአትላንቲክ ሬከርድስ ሙዚቃ ቤት መሥራች አህመት ኤርተጉን ተቋሙን ከመሠረቱት ዋናው ነው፤ በ1987 እሱ ራሱ ገባ። ዛሬ ከመጋረጃ ጀርባ ላሉ ሰዎች የሚሰጠው ሽልማት የሚጠራው በስሙ ነው። ሌላው መሥራች፣ የሮሊንግ ስቶን መጽሔቱ ጃን ዌነር፣ በ2004 ገባ። በ2023 ደግሞ ስለ ጥቁርና ስለ ሴት ሙዚቀኞች በተናገረው ነገር ምክንያት ከቦርዱ ተነሣ። ያየኸው ጠበቃ አለን ግረብማን ሳይሆን አይቀርም። በ2022 የገባ ሲሆን እሱም መጀመሪያ ተቋሙን ካቋቋሙት አንዱ ነው። ሰዎች የራሳቸውን ቤት ሠርተው የክብር ወንበሩ ላይ ራሳቸው ሲቀመጡ ማየት ደስ አይልም። ምርጫው የኔ ቢሆን ከጠበቃው በፊት ብዙ ድራመር አስገባ ነበር።

ግን እዚህ ጋ ቆም በል። ከዚህ ተነሥተህ «እንግዲያው ከመጋረጃ ጀርባ ያሉት ሁሉ በዘመድ ነው የገቡት» ካልክ ትልቅ ስህተት ትሠራለህ። የዋሽንግተኑ የቱርክ አምባሳደር ልጅ የነበረው ኤርተጉን በ1947 ከጓደኛው ጋር አትላንቲክን ባያቋቁም ኖሮ የሬይ ቻርልስ የ1950ዎቹ ሥራዎች እኛ በምናውቃቸው መልክ አይደርሱንም ነበር። ኮሚቴው ውስጥ ወዳጅ ያለው ሰውም በሥራው ክብሩ የሚገባው ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለይተህ ማየት አለብህ።

ትልቁ አለመግባባት ግን «ያልዘፈነ ሰው ሙዚቃውን አልሠራውም» የሚለው ሐሳብ ነው። ሮክ ወረቀት ላይ የተጻፈ ሙዚቃ አይደለም። ሸክላ ላይ የተቀረጸ ድምፅ ነው። ክፍሉ፣ ማይክራፎኑ፣ ቴፑና ከዘፋኙ ኋላ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ የዘፈኑ አካል ናቸው። እኔ ኑሮዬን የገፋሁት ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ስቀርጽና ስቀላቅል ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ አድልቼ ይሆናል፤ ቢሆንም ማስረጃውን ላቅርብልህና አንተው ፍረድ።

ሳም ፊሊፕስን እንውሰድ። በ1986 ከመጀመሪያዎቹ ጋር የገባ ሰው ነው። በ1950 ሜምፊስ ውስጥ ዩኒየን ጎዳና ላይ ትንሽ የቀረጻ ክፍል ከፈተ። በሐምሌ 1954 አንድ የ19 ዓመት ልጅ፣ አንድ ጊታር ተጫዋችና አንድ ቤዝ ተጫዋች እዚያ ክፍል ውስጥ ገቡ። ድራመር የለም። ልጁ ኤልቪስ ነው። የእነዚያን ቅጂዎች ድምፅ ስትሰማ ከእያንዳንዱ ቃል ኋላ የምትከተል አጭር ማሚቶ አለች፣ ድምፁን የምታወፍር። ያቺ ማሚቶ ከልጁ ጉሮሮ አልወጣችም። የቴፕ መቅረጫ አንድ የሚቀርጽበት ጫፍ አለው፣ ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ የሚያነብበት ጫፍ። ቴፑ ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪደርስ የሰከንድ ቅንጣት ያልፋል። ፊሊፕስ ሁለተኛ ማሽን አቁሞ ያንን የዘገየ ድምፅ መልሶ ከዋናው ጋር ቀላቀለው። ውድ መሣሪያ አልነበረውም፣ ሰፊ አዳራሽም አልነበረውም። ያለው ብልሃት ነበር። ከዚያ በኋላ ስንት ሰው ያቺን ማሚቶ ሲያሳድድ እንደኖረ ልነግርህ አልችልም፣ እኔም አንዱ ነኝ። በኅዳር 1955 የኤልቪስን ውል አርሲኤ ለሚባለው ትልቅ ሙዚቃ ቤት በ35,000 ዶላር ሸጠው። ዛሬ ስናየው ምንም አይደለም፤ በጊዜው ግን ለአንድ ዘፋኝ ውል ትልቅ ገንዘብ ነበር።

አሁን ወደ ድራም ና። አርል ፓልመር የሚባል የኒው ኦርሊንስ ሰው አለ። በ1955 ፒያኖ እየመታ ከሚዘፍነው ከሊትል ሪቻርድ ጋር ስቱዲዮ ሲገባ በዚያ ሙዚቃ ውስጥ የተለመደው ምት ሻፍል የሚባለው ነበር፤ ረጅም-አጭር፣ ረጅም-አጭር እያለ የሚያነክስ፣ ለእኛ ጆሮ ከችክችካ ጋር የሚቀራረብ። ሊትል ሪቻርድ ግን በቀኝ እጁ ፒያኖውን እኩል እኩል አድርጎ ነው የሚቀጠቅጠው፣ ምንም ሳያነክስ። ፓልመር የዚያን እጅ ፍጥነት ለመከተል ብሎ እሱም ምቱን እኩል አደረገው። ከዚያ ጊዜ ወዲህ የሮክ ድራም የምንለው ያ ነው። የአንድ ፒያኖ ተጫዋች እጅና ያንን ለመከተል የሞከረ ድራመር፣ አንድ ክፍል ውስጥ። ክፍሉ ደግሞ ኮሲሞ ማታሳ የሚባል ሰው ከቤተሰቡ ሱቅ ኋላ የከፈተው ነበር። ፓልመር የዝና አዳራሹ የገባው በ2000 ነው፣ ማታሳ በ2012።

ዓመቶቹን አስተውል፤ ቁም ነገሩ እዚህ ነው። ለሙዚቃ ቤት ባለቤቶችና ለሬዲዮ ሰዎች በሩ የተከፈተው ገና በመጀመሪያው ዓመት በ1986 ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ለተጫወቱት አጃቢዎች የተከፈተው በ2000። 14 ዓመት ዘግይቶ። ስለዚህ «ሁለተኛ ደረጃ ነው?» ላልከው መልሴ ይሄ ነው፤ በደንቡ አይደለም፣ ሁሉም እኩል የአዳራሹ አባል ነው። በተግባር ግን ደሞዝ የከፈለው ደሞዝ ከተቀበለው ቀድሞ ነው የተከበረው። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ እንጂ የጠበቃው መግባት አይደለም።

ከእነዚያ የ2000 ተሸላሚዎች አንዱ ጄምስ ጄመርሰን ነው። ስለዚህ ሰው ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ። ዲትሮይት የነበረው የሞታውን ሙዚቃ ቤት በ1960ዎቹ ያወጣቸው ዘፈኖች አሜሪካን ብቻ ሳይሆን ዓለምን አስጨፍረዋል። ከብዙዎቹ ሥር ያለው ቤዝ የእሱ ነው። የሚመታው በቀኝ እጁ ሌባ ጣት ብቻ ነበር፤ ጓደኞቹ ያችን ጣት «መንጠቆው» ይሏት ነበር። ክሩን እስኪበጠስ ድረስ አይቀይርም። አዲስ ክር ይጮኻል፤ ያረጀው ግን ድፍን ያለ፣ እንጨት የመሰለ ድምፅ ይሰጣል፣ እሱ የሚፈልገውም ያንን ነው። ከእሱ በፊት አብዛኛው ቤዝ ተጫዋች የኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) ሥር ይዞ በረጋ መንፈስ ይቆጥር ነበር። ጄመርሰን ግን ከዘፋኙ ጋር ይነጋገራል። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ እሱ ይናገራል፣ ዘፋኙ ሲመለስ እሱ ገለል ይላል። የተጻፈለት ነገር ቢኖርም ባይኖርም ከራሱ ጨምሮ ዜማ ይሠራበታል።

ታዲያ ሸክላው ላይ ስሙ አልነበረም። ለዓመታት። ሰው ዘፈኑን ያውቃል፣ ጣቱን አያውቅም። በትልቅ የሞታውን አልበም ሽፋን ላይ ስሙ በአግባቡ የወጣው በ1971፣ በዘፋኙ በማርቪን ጌይ አልበም ነው። በ1972 ድርጅቱ ዲትሮይትን ለቆ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ፤ ጄመርሰንም ተከተለው፣ ግን እዚያ ነገሩ አልሰመረለትም። መጠጡም ጎዳው። በ1983 በ47 ዓመቱ ሞተ። የዝና አዳራሹ የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ቤሪ ጎርዲ በ1988 ገባ፣ ጄመርሰን በ2000። ጎርዲ ይገባዋል፣ አልከራከርም፤ ያን ሁሉ ሰው አንድ ቤት ሰብስቦ ማሠራት ቀላል ችሎታ አይደለም። የ12 ዓመቱን ልዩነት ግን ማንም በደንብ ሊያስረዳኝ አልቻለም።

ክብሩን በሕይወት እያሉ አግኝተው እምቢ ያሉም አሉ። ካሮል ኬይ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ጊታር ትጫወት ነበር። በ1963 አንድ ቀን ቤዝ ተጫዋቹ ሲቀር ቤዙን አንሥታ ገባች፣ ከዚያ ወዲያ አልተላቀቁም። ቢች ቦይስ የሚባለውን ባንድ ሥራዎች ጨምሮ ቆጥረን የማንጨርሳቸው ቅጂዎች ላይ አለች። በ2025 የዝና አዳራሹ ሲመርጣት አልመጣም አለች፤ ሽልማቱ የስቱዲዮ ሙዚቀኞችን ሥራ አይወክልም ብላ። ዕድሜዋ 90 ነበር። በወጣትነቷ ቢሆን ኖሮ ምን ትል እንደነበር እንጃ፣ አሁን ግን ቅር መሰኘቷን እረዳለሁ።

ከዘፋኞቹ በፊት መንገድ የጠረጉት ረድፍ ላይም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ሮክን ኤልቪስ የፈጠረው ይመስለዋል። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በ1915 አርካንሳስ ውስጥ የተወለደች የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት። ኤልቪስ ስቱዲዮ ከመግባቱ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ መንፈሳዊ መዝሙር በኤሌክትሪክ ጊታር እየዘመረች፣ ክሩን እየጎተተችና እያስጮኸች መድረክ ታናውጥ ነበር። በ1947 ጆርጂያ ውስጥ አንድ ታዳጊ ልጅ ከዝግጅቷ በፊት መዝሙሯን ሲያንጎራጉር ሰምታ መድረክ ላይ አወጣችው። ልጁ በኋላ ሊትል ሪቻርድ ሆነ። እሷ በ1973 ሞተች፣ የዝና አዳራሹ የገባችው በ2018። ቢግ ማማ ቶርንተን ደግሞ በኋላ ኤልቪስ የከበረበትን ስለ አዳኝ ውሻ የሚያወራ ዘፈን በ1952 ቀድማ የቀረጸች ናት። በ2024 ነው የገባችው። ኤልቪስ ግን 1986 ላይ ገብቶ ጨርሷል።

አንድ ጥንቃቄ። «ከመጋረጃ ጀርባ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ሁሉንም ተበዳይ አድርገህ እንዳታስብ። ከ1986ቱ ተሸላሚዎች አንዱ አላን ፍሪድ ነው፣ የክሊቭላንዱ የሬዲዮ ሰው። የጥቁሮችን ሙዚቃ ለነጭ ወጣቶች ጭምር በድፍረት አሰማ፣ «ሮክ ኤንድ ሮል» የሚለውንም ስም ሕዝብ አፍ ውስጥ ከተተ። በመጋቢት 1952 ያዘጋጀው ኮንሰርት ከመጠን በላይ ሰው መጥቶበት ገና ሲጀመር ተበተነ። ሙዚየሙ ክሊቭላንድ የሆነበት አንዱ ምክንያትም እሱ ነው። ያው ሰው ግን የቸክ ቤሪ የመጀመሪያ ተወዳጅ ዘፈን ላይ፣ አንዲት ቃል ሳይጽፍ፣ ስሙ እንደ ደራሲ ሰፍሮለት ገንዘብ ይካፈል ነበር። ቤሪ የዘፈኑን ሙሉ ባለቤትነት ያስመለሰው በ1986 ነው፤ የሚገርመው ሁለቱም አዳራሹ የገቡት በዚያው ዓመት ነው። ፍሪድ ዘፈን ለማጫወት ጉቦ በመቀበል ተከሶ በ1962 ጥፋተኛነቱን አምኗል። ታዲያ ይሸለም? እኔ ይሸለም ባይ ነኝ። ሲሸለም ግን ታሪኩ ሙሉው ይነገር።

እኛ አገር ያለ ሰው ይሄን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የካሴት ሽፋን ስትገለብጥ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» እያለ የእያንዳንዱ ስም ተጽፎ ታየዋለህ። የአቀናባሪ ስም አይተን ካሴት የገዛን ብዙ ነን። በ1960ዎቹ ዲትሮይት ያ ልማድ ቢኖር ጄመርሰን ባልተረሳ። ደግሞ አምሐ እሸቴን አስብ። አልዘፈነም፣ መሣሪያ ይዞ መድረክ አልወጣም። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ በ1969 ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ፣ ሸክላውንም ውጭ አገር አሳትሞ አስገባ። «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» የምንለው ዓለማየሁ እሸቴ በሸክላ የደረሰን በእሱ በኩል ነው። አምሐ በትውውቅ ነው የተከበረው ትላለህ? አትልም። እንግዲህ ሳም ፊሊፕስንም በዚያው ዓይን እየው።

ምክሬ ግልጽ ነው። የዝና አዳራሹን ዝርዝር እንደ ደረጃ ሰንጠረዥ አትጠቀምበት። ማን ቀድሞ ገባ፣ ማን በየትኛው ረድፍ ገባ የሚለው ስለ ኮሚቴው እንጂ ስለ ሙዚቃው ብዙ አይነግርህም። ያልገባ ሁሉም ትንሽ አይደለም። ይልቅ እንደ ስም ማውጫ ያዘው። ከዋናዎቹ ዘፋኞች ረድፍ ውጣና ስማቸውን ከማታውቃቸው አጃቢዎችና ቀራጮች አንድ ሰው ምረጥ። የተጫወተባቸውን ወይም የቀረጻቸውን አምስት ዘፈኖች ፈልግ፣ ዘፋኞቹ የተለያዩ ይሁኑ። መጀመሪያ እንደ ወትሮህ ስማቸው። ሁለተኛ ጊዜ ዘፋኙን እርሳውና ያንን ሰው ብቻ ተከተል። ከአንድ ሳምንት በኋላ «በትውውቅ ነው?» የሚለው ጥያቄ በራሱ ጊዜ መልስ ያገኛል። ለአንዳንዶቹ አዎ ትላለህ፣ ለብዙዎቹ ግን ለምን እስከዛሬ ቆዩ ብለህ ትናደዳለህ።

በጄመርሰን ጀምር። የሞታውኑን ባንድ የቴምፕቴሽንስን «ማይ ገርል» ክፈት፣ የ1964ቱን። ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት፣ ጊታሩም ሳይገባ በፊት ቤዙ ብቻውን ሁለት ድምፅ እየደጋገመ ይጀምራል። ያ እሱ ነው። ጥንቃቄው ግን በስልክህ ድምፅ ማጉያ እንዳትሰማው። የስልክ ትንሽ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ አያወጣውም፣ ቆርጦ ነው የሚያስቀረው፤ ጄመርሰን እንደገና ሊጠፋብህ ነው። ደህና ጆሮ ማዳመጫ ተዋስ።